እንግሊዝኛውን ወደ ስፓኒሽ ከመተርጎምሽ በፊት አማርኛሽን ጠይቂው

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ሆም ኬር እሠራለሁ። አሁን የምንከባከባቸው እናት ከኤልሳልቫዶር ናቸው፣ እንግሊዝኛ እምብዛም አይሰሙም። ከኢንተርኔት ያወረድኩት የእንግሊዝኛና የስፓኒሽ የቃላት ዝርዝር አለኝ፤ በየቀኑ እሸመድዳለሁ። ግን ቃላቱን ገጣጥሜ ስናገር ወይ አይገባቸውም ወይ ይስቃሉ። ባለፈው ሞቀኝ ለማለት ‹ኤስቶይ ካሊየንቴ› ብላቸው ልጃቸው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ችግሩ ዝርዝሩ ነው ወይስ እኔ? ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ በትክክል የሚተረጉም ጥሩ ዝርዝር ወይም አፕ ካለ ጠቁሙኝ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ችግሩ አንቺ አይደለሽም። ዝርዝሩም ቢሆን ቃላቱን አልዋሸሽም ይሆናል። ችግሩ የምትነሺበት ቦታ ነው። ሐሳቡ የሚመጣልሽ በአማርኛ ነው። እሱን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ትቀይሪዋለሽ፣ ከዚያ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ከዝርዝሩ ፈልገሽ ስፓኒሽ ታደርጊዋለሽ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ይሰበራል። ስፓኒሽ ሳስተምርም ሆነ ሳስተረጉም፣ ስፓኒሽ የሚማሩ ሐበሾች ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር ይኸው ነው። የሚያስቆጨው ደግሞ አማርኛ ለብዙ የስፓኒሽ አነጋገር ከእንግሊዝኛ የተሻለ መነሻ መሆኑ ነው።

ከዚያችው ካሳቀቻቸው ቃል እንጀምር። እንግሊዝኛ ሙቀትን የሚናገረው «ሙቅ ነኝ» በሚል ቅርጽ ነው። ዝርዝሩ «ነኝ» ለሚለው «ኤስቶይ» ሰጠሽ፣ «ሙቅ» ለሚለው «ካሊየንቴ» ሰጠሽ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሲገጣጠሙ ግን ስሜቴ ተቀሰቀሰ የሚል ነውረኛ ትርጉም ይሰጣሉ፤ ልጅቷ የሳቀችው ለዚያ ነው። ስፓኒሽ የሚለው «ቴንጎ ካሎር» ነው፤ ሙቀት አለኝ እንደማለት። አሁን ወደ አማርኛ ተመለሺ። አንቺ በአማርኛ «ሙቅ ነኝ» ትያለሽ? በጭራሽ። «ሞቀኝ» ነው የምትይው። ከአማርኛ ብትነሺ ኖሮ «ነኝ» የሚለው ቃል ወደ አፍሽ አይመጣም ነበር። «በረደኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ጠማኝ» ሁሉም እንደዚያው ናቸው። በስፓኒሽ «ቴንጎ ፍሪዮ»፣ «ቴንጎ አምብሬ»፣ «ቴንጎ ሴድ»። እሳቸውን ስትጠይቂ «ቴንጎ» ወደ «ቲዬኔ» ይቀየራል። «ቲዬኔ ፍሪዮ?» ማለት «በረደዎት?» ነው። በቃ።

በሥራሽ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግሽ የሕመም አነጋገር ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ አማርኛና ስፓኒሽ በሚገርም ሁኔታ ይገጥማሉ። «ራሴን ያመኛል» በስፓኒሽ «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ነው። «ሜ» የእኛ «ኝ» ናት። «ዱዌሌ» ያማል። «ላ ካቤሳ» ራስ። የሚያመው ራስ ነው፣ የሚያመውም እኔን ነው። ለትልቅ ሰው ሲሆን «ሜ» የነበረችው «ሌ» ትሆናለች፤ «ሌ» የእኛ «ዎት» ናት። ስለዚህ «ዶንዴ ሌ ዱዌሌ?» ማለት «የት ጋ ያምዎታል?» ነው። «ሌ አዩዶ?» «ላግዝዎት?» ነው። «ሌ ጉስታ?» «ደስ ይልዎታል?» ወይም ምግብ ከሆነ «ይጥምዎታል?» ነው። ይህ የመጨረሻው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ትልቅ ራስ ምታት ነው። እነሱ ቋንቋ ውስጥ ወዳጁ ሰው ራሱ ባለቤት ስለሆነ «ዮ ጉስቶ» ይላሉ፣ ስህተት ነው። እኛ ግን «ደስ ይለኛል» ስንል ባለቤቱ ነገሩ ነው፣ እኔ የምገባው በ«ኝ» ነው። ለ«ሜ ጉስታ» እኛ አዲስ ሐሳብ መማር አያስፈልገንም። ያለን ነው።

ሌላው ከእንግሊዝኛ የሚመጣ ልማድ «እኔ» የሚለውን ደጋግሞ ማስገባት ነው። «ዮ ኪዬሮ፣ ዮ ቴንጎ፣ ዮ ቦይ…»። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር «ዮ» እያሉ መናገር ስፓኒሽ ተናጋሪ ጆሮ ላይ የሚያስቀምጠው ስሜት፣ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «እኔ እፈልጋለሁ፣ እኔ አለኝ፣ እኔ እሄዳለሁ» ሲል እኛ ላይ የሚፈጥረው ዓይነት ነው። ይገባሻል፣ ግን ይከብድሻል። ግሡ ራሱ ባለቤቱን ይናገራል፣ በሁለቱም ቋንቋ። ትዕዛዝ ላይም አንድ ነን፤ ተቀባዩ ከግሡ ጫፍ ላይ ይለጠፋል። «ዲጋሜ» «ይንገሩኝ» ነው። «ዴሜ ላ ማኖ» «እጅዎን ይስጡኝ» ነው። እነዚህን ቆራርጠሽ ቃል በቃል አታጥኚ፣ እንዳሉ ዋጪያቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ከሰዋስው በላይ ነው፣ እሱን በደንብ ልንገርሽ።

እንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው አንድ «አንተ» ነው ያለው። ለሕፃንም ለሽማግሌም ያው ነው። ዝርዝርሽ ላይ ከዚያ ቃል አጠገብ «ቱ» የሚል ተጽፎ ይሆናል። «ቱ» ማለት ግን «አንተ፣ አንቺ» ነው። እርስዎ የሚባለው «ኡስቴድ» ነው። ኤልሳልቫዶሮች ደግሞ በጓደኛሞች መካከል «ቦስ» የሚል ሌላ ቃል አላቸው፣ እሱ ከ«ቱ» በላይ ቅርበት አለው፤ አገራቸው ውስጥ «ቱ» ብዙም አይሰማም። አንቺ የምትፈልጊው «ኡስቴድ»ን ብቻ ነው። በአማርኛ እሳቸውን «አንቺ» ትያለሽ? አትይም። ዝርዝሩ ግን ሳታውቂው እንደዚያ ሊያስብልሽ ይችላል፣ ምክንያቱም እንግሊዝኛው ልዩነቱን ውጦታል። አንድ ቃል ልጨምርልሽ። ዝርዝሮች ሁሉ «ኒኛ» ማለት ትንሽ ሴት ልጅ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው። ኤልሳልቫዶር ውስጥ ግን ከስም ፊት ስትመጣ ለአዋቂ ሴት የክብር መጠሪያ ናት። ሴትዮዋ ማሪያ ከተባሉ ጎረቤቱ «ኒኛ ማሪያ» ሊላቸው ይችላል፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። ሌላ አገር ሰው ላይ አትሞክሪው፣ ለሌላው «ዶኛ ማሪያ» ይበልጥ ያስኬዳል። ከመጠቀምሽ በፊት ልጃቸው እናቷን ጎረቤት ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ጠይቂያት።

ጠዋት ስትገቢስ? ዝርዝሩ «ቡዌኖስ ዲያስ» ይልሻል፣ ጥሩ ነው። ግን ከእሱ ቀጥለሽ «ኮሞ አማኔሲዮ?» በያቸው። ቃል በቃሉ «እንዴት ነጋልዎት?» ነው፣ እንግዲህ የእኛው «እንዴት አደሩ?» ማለት ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ይህ ሰላምታ ስለሌለ ከእንግሊዝኛ የተነሳ ዝርዝር ውስጥ ፈልገሽ አታገኚውም። ስትወጪም «ነገ እንገናኛለን፣ እግዚአብሔር ካለ» ማለት ትፈልጊያለሽ አይደል? «አስታ ማኛና፣ ፕሪሜሮ ዲዮስ» በያቸው። «ፕሪሜሮ ዲዮስ» የመካከለኛው አሜሪካ ሰው አፍ ላይ የማይጠፋ ነው፤ «ሲ ዲዮስ ኪዬሬ» የሚሉም አሉ። ልጅ አለቀሰ፣ አልተኛም ሲባል «ማል ዴ ኦኾ» ካሉሽም ግር አይበልሽ፣ የሰው ዓይን ማለታቸው ነው። ይህን ላንቺ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለአሜሪካዊት ነርስ ግን ሁለት ገጽ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልመለስ፣ ለምን አንድ ቃል ለአንድ ቃል እንደማይሆን። እንግሊዝኛ አንዳንድ ቃላት ላይ ብዙ ትርጉም ይጭናል። «ሊቭ» (leave) የሚለውን ውሰጂ። ዝርዝሩ አንድ ስፓኒሽ ቃል ይሰጥሻል። እውነቱ ግን ቢያንስ ሦስት ነው፦ «ሳሊር»፣ «ዴኻር»፣ «ኢርሴ»። ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ አማርኛውን ስትጠይቂው ግን ወዲያው ይፈታል። «ሳሊር» መውጣት ነው። «ዴኻር» መተው ነው፣ ዕቃም ሆነ ሰው። «ኢርሴ» መሄድ ነው። እኛ መቼም መውጣትና መተው ተምታቶብን አያውቅም። «ቴክ»ም እንዲሁ ነው። ክኒን ሲሆን «ቶማር»፣ ሰው ወይም ዕቃ ወደ አንድ ቦታ መውሰድ ሲሆን «ዬባር»፣ ማውጣት «ሳካር»፣ ማውለቅ «ኪታርሴ»። «ራይት» ደግሞ ቀኝ፣ ትክክልና መብት ነው። ስፓኒሽ «ትክክል»ን «ኮሬክቶ» ብሎ ይለየዋል። «መብት» ግን «ዴሬቾ» ነው፣ «በቀኝ በኩል» ደግሞ «ኣ ላ ዴሬቻ»፤ ልዩነቱ የመጨረሻዋ ድምፅ ናት። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፣ በተለይ መኪና ስትነጂላቸው፦ «ዴሬቾ» ካሉሽ ቀጥ ብለሽ ሂጂ ማለት ነው፣ «ዴሬቻ» ካሉሽ ወደ ቀኝ ታጠፊ።

አማርኛ ሁሌ ያድናል ማለቴ ግን አይደለም። «ማወቅ» ለእኛ አንድ ነው፣ ለስፓኒሽ ሁለት። ነገርን፣ መረጃን፣ ሙያን ማወቅ «ሳቤር»፤ ሰውን ወይም ቦታን ማወቅ «ኮኖሴር»። «መጠየቅ»ም ሁለት ነው፤ መልስ ፈልጎ መጠየቅ «ፕሬጉንታር»፣ ነገር እንዲሰጡ መጠየቅ «ፔዲር»። «አለ» ደግሞ ለእኛ ብዙ ሥራ ይሠራል፣ ስፓኒሽ ይበታትነዋል። «ዶክተሩ አለ?» «ኤስታ ኤል ዶክቶር?» ነው። «ወተት አለ?» «አይ ሌቼ?» ነው። «ወተት አለዎት?» «ቲዬኔ ሌቼ?» ነው። እዚህ ላይ እንግሊዝኛሽ ይሻላል፣ ተጠቀሚበት።

በጣም የሚፈትነው «ነው» ነው። ስፓኒሽ ለ«ነው» ሁለት ግሥ አለው፣ «ሴር» እና «ኤስታር»፤ እንግሊዝኛም አማርኛም ልዩነቱን በአንድ ቃል ያልፉታል። በጥቅሉ ማንነትና ጠባይ «ሴር» ነው፣ ያሉበት ሁኔታና ቦታ «ኤስታር»። ላንቺ ሥራ አንድ ምሳሌ ይበቃል። «ኤስታ ማላ» ብትዪ «አሟታል» ማለት ነው። «ኤስ ማላ» ብትዪ «ክፉ ሴት ናት» አልሽ። ለልጃቸው ስልክ ደውለሽ ስለ እናቷ ሁኔታ ስትናገሪ ይህቺን አንድ ድምፅ እንዳትስቻት።

ከእንግሊዝኛ ጋር የሚመሳሰሉት ቃላትስ? ብዙዎቹ ታማኝ ናቸው፣ ሁለቱም ከላቲን ስለወሰዱ። በእንግሊዝኛ «ሽን» ብሎ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ በስፓኒሽ «ሲዮን» ብሎ ያልቃል፦ «ኢንፌክሲዮን»፣ «ኦፔራሲዮን»። «አሌርኺያ» አለርጂ ነው፣ «ዲያቤቴስ» ያው ነው። በዚህ መንገድ ብዙ ቃል በነፃ ታገኛለሽ። ነገር ግን ሕክምና ውስጥ የሚመሳሰሉ ቃላት አደጋም አላቸው። «ኤምባራሳዳ» የምታፍር መስሎሽ ከሆነ፣ እርጉዝ ማለት ነው። «ፓሪዬንቴስ» ወላጆች ሳይሆኑ ዘመዶች ናቸው፤ ወላጆች «ፓድሬስ» ይባላሉ። «ሞሌስታር» ማስቸገር ነው፣ በእንግሊዝኛ ያለው አስቀያሚ ትርጉም የለውም፤ «ሌ ሞሌስታ?» ብለው ነርሶች ሲጠይቁ «ያስቸግርዎታል? ይረብሽዎታል?» ማለታቸው ነው። «ኮንስቲፓዶ» ስፔን ውስጥ ጉንፋን የያዘው ነው፣ ላቲን አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ ሆድ ድርቀት ነው፤ ከጥርጣሬ ለመውጣት ለሆድ ድርቀት «ኤስትሬኚዳ» በይ። ስለ መድኃኒት ስትጠይቂም «ድሮጋስ» አትበይ፣ ሐሺሽና የመሳሰለው ነው የሚመጣባቸው። «ሜዲሲናስ» ወይም «ፓስቲያስ» በይ።

ይህ ቀልድ እንዳልሆነ አንድ የታወቀ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ ኩባዊ ነው። «ኢንቶክሲካዶ» የሚል ቃል ተናገሩ። በእነሱ አነጋገር ይህ የበላው ወይም የጠጣው ነገር ጎዳው፣ ተመረዘ ማለት ነው። ሐኪሞቹ ግን እንግሊዝኛ ውስጥ ያለውን ተመሳሳይ ድምፅ ያለውን ቃል ሰሙ፤ ሰክሯል፣ አደንዛዥ ዕፅ አብዝቶ ወስዷል ብለው በዚያው መንገድ አከሙት። ልጁ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ሲደረስበት ጊዜው አልፎ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። የተፈረደለት ሳይሆን በስምምነት የተወሰነለት ካሳ በዕድሜ ዘመኑ ሲሰላ 71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የሙያ አስተርጓሚ አልተጠራም፤ ሁሉም ወገን የተግባባ መስሎት ነበርና አስተርጓሚ ጥሩ ያለም አልነበረም። እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ያልገባሽን ቃል ትጠይቂያለሽ። የገባሽ የመሰለሽን ግን ማን ይጠይቅልሻል?

ሁለተኛው ከአንቺ ሥራ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። እንግሊዝኛ «አንድ ጊዜ» የሚለውን «ዋንስ» ይለዋል፣ ሲጻፍ ግን ፊደሉ ከስፓኒሽ «ኦንሴ» ጋር አንድ ነው። «ኦንሴ» አሥራ አንድ ነው። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ስፓኒሹና እንግሊዝኛው ተደባልቆ «በቀን ዋንስ» የሚል ቢጻፍ፣ ስፓኒሽ ብቻ የሚያነብ ሰው «በቀን አሥራ አንድ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ፋርማሲዎች በኮምፒውተር ያስተረጎሟቸው የስፓኒሽ መመሪያዎች ተጠንተው ግማሽ ያህሉ ስህተት ተገኝቶባቸዋል። በቀን አንድ ጊዜ «ኡና ቤስ አል ዲያ» ነው። እማማ ቤት ያሉትን ብልቃጦች ዛሬውኑ ተመልከቻቸው።

ቀጥሎ ማወቅ ያለብሽ ስፓኒሽ አንድ አገር አለመሆኑን ነው። ዝርዝርሽ የማን ስፓኒሽ ነው? የስፔን? የሜክሲኮ? አንቺ ባለሽበት በዋሽንግተን አካባቢ ከውጭ ከመጡት ውስጥ ትልቁ ቁጥር የኤልሳልቫዶር ሰው ነው፤ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ላንቺ የሚሻልሽ የእነሱ ቃል ነው። መጠጫ ቀሰም (ስትሮው) ሜክሲኮ «ፖፖቴ» ነው፣ ኮሎምቢያ «ፒቲዮ»፣ እነሱ ጋ «ፓኺያ»። «ሶርቤቴ» አንዳንድ አገር መምጠጫው ራሱ ነው፣ ኤልሳልቫዶር ግን አይስክሬም ነው፤ ስኳር ላለባቸው ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። «ቢቾ» ብዙ አገር ነፍሳት ነው፣ ኤልሳልቫዶር ትንሽ ልጅ ነው፣ ፖርቶሪኮ ውስጥ ደግሞ ሰው ፊት የማይባል ነውረኛ ቃል ነው። «ኮኼር» ስፔን ውስጥ መያዝ፣ መውሰድ ነው፤ ሜክሲኮና ሌሎች ብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ግን ነውር ነው፣ አንቺ ጭራሹን አትጠቀሚበት። ብርድ ልብስ ላንቺ «ኮቢኻ» ነው፣ የስፔኑ «ማንታ» ነው። ምርኩዝ «ባስቶን»፣ ዳይፐር «ፓኛል» ነው፣ እነዚህ ሁሉም ጋ ያስኬዳሉ።

ደስ የሚለው ደግሞ አስቀድመሽ የምታውቂያቸው ቃላት መኖራቸው ነው። አረቦች ስፔንን ለዘመናት ሲገዙ ቃላቸውን ትተውላታል፤ ወደ አማርኛም ከአረብኛና ከዘመዶቹ የገባው ብዙ ነው። «አሴይቴ» ዘይት ነው። «አሮስ» ሩዝ። «አሱካር» ስኳር። «አልሞአዳ» ትራስ ነው፤ ውስጡ መከዳን ትሰሚዋለሽ፣ ሥሩ አንድ ነው። «ካሚሳ» ከቀሚስ ጋር ይዛመዳል፣ ትርጉሙ ግን ሸሚዝ ነው፣ እንዳያሳስትሽ። በጣሊያንኛ በኩል የገቡልን ደግሞ አሉ። «ባኞ» ስንል የምንታጠብበት ነው፤ ስፓኒሽም «ባኞ» ይላል፣ ለመታጠቢያ ቤቱም ለሽንት ቤቱም። «ጎማ» ፖርቶሪኮና ዶሚኒካን ውስጥ የመኪና ጎማ ነው፤ ኤልሳልቫዶር ውስጥ ግን የስካር ማግስት ሕመም ነው፣ እዚያ የመኪናው «ያንታ» ይባላል። እነዚህ ቃላት በእንግሊዝኛ በኩል ለመጣ ሰው ባዕድ ናቸው፣ ላንቺ ግን በአንድ ንባብ ይያዛሉ።

ድምፁንስ እንዴት ልያዘው ብለሽ ከሆነ፣ በፊደላችን ጻፊው። የምሬን ነው። እንግሊዝኛ ፊደል ስታዪ አፍሽ ወደ እንግሊዝኛ ድምፅ ይሄዳል። የእኛ ፊደል «ኘ» አለው፣ «ኸ» አለው፣ ስፓኒሽም ሁለቱን በየቀኑ ይጠቀምባቸዋል። አንድ ደንብ ብቻ ያዢ፦ ስፓኒሽ አምስት አናባቢ ብቻ ነው ያለው፣ ኣ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ። ስለዚህ «ከ» አትጻፊ፤ ካ፣ ኬ፣ ኪ፣ ኮ፣ ኩ ብቻ። ሳድሱን አናባቢ ለሌለው ተነባቢ ብቻ ተጠቀሚበት። ፊደላችን የማያሳየው ሁለት ነገር አለ። አንዱ መጥበቅ ነው። «ፔሮ» ስታላላው «ግን» ነው፣ ሮን ስታጠብቂው «ውሻ» ነው፤ «ገና» የሚለውን በዓሉንና «ገና አልመጣም» የምንለውን እንደምንለየው። በጠበቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጊበት። ሌላው ጫና ነው፤ «ፓፓ» መጀመሪያው ላይ ስትጫኚው ድንች፣ መጨረሻው ላይ ስትጫኚው አባባ ነው። የምትጫኚበትን ከሥሩ አስምሪበት። ስልክ ላይ በላቲን ፊደል ለልጃቸው ስትጽፊ ደግሞ የ«ኘ»ዋን ፊደል ከነምልክቷ አስገቢ። «አኞ» ዓመት ነው፤ ምልክቷ ከወደቀች «አኖ» ይሆናል፣ የመቀመጫ ቀዳዳ ማለት ነው። ዕድሜ ስትጠይቂ አስቢው። የስፓኒሽ ኪቦርድ ስልክሽ ላይ ጨምሪ፣ በነፃ ነው።

አፕን በተመለከተ፣ ጉግል ትራንስሌት መጥፎ አይደለም፣ አጠቃቀማችን ነው መጥፎ። አንድ ቃል ብቻ አትስጪው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስጪው፣ ማን ለማን እንደሚናገር የሚያሳውቅ፦ «እማማ፣ ቁርስ ከመብላትዎ በፊት ይህን ክኒን ይውሰዱ»። ከዚያ የሰጠሽን ስፓኒሽ ኮፒ አድርገሽ ወደ አማርኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ መልሰሽ አስተርጉሚው። ቁርሱና ክኒኑ ቦታ ከተቀያየሩ፣ አትጠቀሚበት። ለነጠላ ቃል ዎርድሬፈረንስ ይሻላል፤ ቃሉ የየት አገር እንደሆነ ምልክት ያደርጋል፣ ምሳሌም ይሰጣል። ስፓኒሽሽ ሲጠነክር የስፔን ሮያል አካዳሚ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነፃ አለ፤ አካዳሚው እ.ኤ.አ. ከ1713 ጀምሮ ያለ ነው። የላቲን አሜሪካን ቃላት ለብቻ የሰበሰበው መዝገበ ቃላትም እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቷል፣ እሱም በነፃ ነው። ዕቃ ከሆነ ግን ከሁሉም የሚቀለው የስፓኒሹን ቃልና «ኤል ሳልባዶር»ን ጽፈሽ በጉግል ሥዕል መፈለግ ነው። ትራስ ፈልገሽ ፍራሽ ካሳየሽ ወዲያው ታያለሽ።

ዝርዝሩን አትጣዪው፣ ለውጪው። ደብተር ያዢ፣ በሦስት ዓምድ ክፈዪው። መጀመሪያ በአማርኛ በዚያ ቤት የምትዪውን ጻፊ፣ ከጠዋት መግቢያሽ እስከ ማታ መውጫሽ። «እንዴት አደሩ? በደንብ ተኙ? የት ጋ ያምዎታል? ቀስ ይበሉ። ይያዙኝ። ውኃው ሞቀ ወይስ ቀዘቀዘ? ደም ግፊትዎን ልለካዎት።» ሁለተኛው ዓምድ ስፓኒሹ በፊደላችን። ሦስተኛው እማማ ራሳቸው ያረሙሽ። ሦስተኛው ዓምድ ከየትኛውም ዝርዝር ይበልጣል፤ የእሳቸው ቃል ነውና። ስም ስትጽፊ ከ«ኤል» ወይም ከ«ላ» ጋር ጻፊው፦ «ላ ፕሬሲዮን»፣ «ኤል ዶሎር»። ጾታውን በኋላ እይዘዋለሁ ካልሽ አይያዝም።

አንድ ቦታ ላይ ግን አቁሚ። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ፣ መጠኑ ሲቀየር፣ የሚፈረም ወረቀት ሲመጣ፣ ወይም «ደረቴን» ሲሉሽ፣ በሸመደድሽው ስፓኒሽ አትወጪው። ደረቱ ከሆነ መጀመሪያ 911 ደውዪ፤ እነሱም ስፓኒሽ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ለቀረው የሙያ አስተርጓሚ ይጠራ። ይህ ልመና አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ተቋማት እንግሊዝኛ በደንብ የማይችልን ሰው እንዳያገልሉ ይከለክላል፤ የ2010ሩ የጤና ሕግም ያጠናክረዋል፣ አስተርጓሚው ለታካሚው በነፃ ነው። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ትንንሽ ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድም። ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛም ከስፓኒሽ ጋር ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ይህን ለራስሽ ቤተሰብም ያዢው። ኤጀንሲሽ የስልክ አስተርጓሚ መስመር እንዳለው ነርሷን ጠይቂያት፣ ቁጥሩን ፍሪጁ ላይ ለጥፊው።

ሰኞ ስትገቢ በ«ኮሞ አማኔሲዮ?» ጀምሪና ምን እንደመለሱልሽ እዚሁ ጻፊልኝ። በፊደላችን ጻፊው፣ የሰማሽውን እንደሰማሽው፤ ያልገባሽን አብረን እንፈታዋለን።